«እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ»፦ ወንዙን አንዝለለው

ይህን አባባል ብዙ ጊዜ የምሰማው ሰውን ዝም ለማሰኘት ሲጠቀስ ነው። «አርፈህ እንደ ሰዉ ሁን» ለማለት። እኔ ግን ግማሹ እየተዘለለ ይመስለኛል። የመጀመሪያው ሐረግ ስለ ሰው ነው፣ ሁለተኛው ስለ ውሃ፤ ቁም ነገሩ ያለው ደግሞ ውሃው ጋ ነው።

ምስሉ የወንዝ መሻገሪያ ነው። አንዱ ወንዝ ጉልበት ድረስ ነው፣ ልብስን ሰብስቦ ማለፍ ይበቃል። ሌላው ደረት ይደርሳል። ትናንት በእግር የተሻገሩት ራሱ ዛሬ ሞልቶ ሰው ይወስዳል። ስለዚህ ተሻጋሪው መጀመሪያ ውሃውን ያያል፣ ከዚያ አረማመዱን ይቀይራል። ወዲያ ማዶ ሲደርስ ግን ያው ራሱ ነው።

ይህ በደንብ የገባኝ ስለ አንዲት ባክቴሪያ ሳነብ ነው። ዲኬያ ዳዳንቲ ትባላለች፣ ቀድሞ ኤርዊኒያ ክሪሳንተሚ ነበር ስሟ። ድንችንና ሌሎች ብዙ ተክሎችን ታበሰብሳለች። ሰውነቷ በሁለት ስስ ሽፋኖች የተከበበ ነው፣ በመካከላቸው ጠባብ ክፍተት አለ። በዙሪያዋ ያለው ውሃ ጨውና ስኳር ሲያንሰው ወደ ውስጧ መግባት ይጀምራል። ያኔ ከ5 እስከ 12 ግሉኮስ የተያያዙባቸውን አጫጭር የስኳር ሰንሰለቶች እየሠራች ክፍተቱን ትሞላለች። ውጪው ጨዋማ ሲሆን ደግሞ ሥራውን ትቀንሳለች። ወንዙን አይታ መሻገር ማለት ይኸው ነው!

ስኳሩ ከውሃ ግፊት መከላከያ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኦፒጂጂ ወይም ኦፒጂኤች ከሚባሉት ጂኖች አንዱ ሲበላሽባት ስኳሩን ጨርሶ መሥራት ያቅታታል። ላቦራቶሪ ሳህን ላይ አሁንም ታድጋለች፤ ጉዱ የሚታየው ድንች ውስጥ ስትገባ ነው። ጤነኛዋ የገባችበት ድንች ውስጡ ይላሽቃል፣ በጣት ሲጫኑት ስርጉድ ይላል። ስኳር አልባዋ የገባችበት ግን እንደጠነከረ ይቀራል። መዋኘት አቁማለች፣ የተክሉን ሕዋሳት እንደ ሙጫ የሚያጣብቀውን ፔክቲን የሚያሟሙ ኢንዛይሞችን እንደ ድሮው አታወጣም፣ በላይዋ ላይ ደግሞ ልጋግ መሳይ ነገር ይከመርባታል። አርሲኤስ የሚባል የሽፋኗን ሁኔታ የሚጠብቅ ሥርዓት አላት፤ ስኳሩ ሲጠፋ እሱ እንደበራ ይቀራል። ተመራማሪዎች ይህን ሥርዓት ሲያጠፉላት መዋኘቷ ተመለሰ። እኔን በጣም የገረመኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ስኳሩ ውሃውን ከመቋቋም አልፎ ለባክቴሪያዋ ወሬ ነጋሪም ነው ማለት ነው።

ተክል ላይ እጢ የምታወጣው አግሮባክቴሪየምም የራሷ መሻገሪያ አላት። የእሷ ስኳር ቀለበት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ግሉኮስ ክብ ሠርተው የተያያዙበት። እሱን መሥራት ሲያቅታት ተክሉ ላይ በወጉ መጣበቅ አትችልም፣ እጢውም ሳይወጣ ይቀራል።