የአዳማ የግንባታ ድንጋዮች

አዳማ በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በሰሜን ምሥራቅ የቦሰት ተራራ፣ በደቡብ ደግሞ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የገደምሳ እሳተ ገሞራ ጎድጓዳ አሉ። የአካባቢው ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ በመሆኑ እብነ በረድ እዚህ አይቆፈርም፤ ለሆቴልና ለባንክ ወለል የሚነጠፈው ከቤንሻንጉል ጉሙዝና ከሌሎች ሩቅ አካባቢዎች ይመጣል።

ቀድሞ ቤት የሚሠራው በእንጨት፣ በጭቃና በሣር ሲሆን ድንጋይ የሚፈለገው በዋናነት ለመሠረት ነበር። የባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አዳማ የመስመሩ ጣቢያ ሆነች። በኋላም የወንጂ ስኳር ፋብሪካና በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ አካባቢውን የግንባታ ቀጠና አደረጉት።

ባዛልት የተባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጠንካራ ነው፤ ለመሠረት፣ ለጠጠርና ለኮብልስቶን ይውላል። ለግድግዳ የሚመቸው ግን ኢግኒምብራይት ነው፤ ትኩስ አመድና ፑሚስ የተባለ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍርፋሪ በሙቀትና በክብደት ተጣብቀው የሠሩት ድንጋይ ነው። ሲጠረብ ፊቱ ላይ እንደ ምስር የተዳመጡ ጥቁር የመስታወት ቅንጣቶች ይታያሉ። ከሩቅ ተጓጉዞ ከሚለጠፍ ሰሌዳ ይልቅ ይህ ጌጥ ለአዳማ ግንብ ይስማማል፤ በአዲሶቹ ሕንፃዎች ፊት እምብዛም አለመታየቱ ያስቆጫል።

ጠራቢ ሥራውን የሚጀምረው በጆሮው ነው። በመዶሻ ሲመታው ጥርት ያለ ድምፅ የሰጠ ድንጋይ ጤነኛ ነው፤ ድምፁ የታፈነ ከሆነ ውስጡ ስንጥቅ አለ። ከዚያ በመሮ ተከታታይ ቀዳዳ ያወጣና ሽብልቅ ይከትባቸዋል። ሁሉንም በየተራ፣ በተመጣጠነ ኃይል ይመታል፤ አንዱን ብቻ ካጠበቀ ድንጋዩ ከመስመሩ ወጥቶ ይሰነጠቃል።

ፑሚስ ብቻውን ሲገኝ በውኃ ላይ እስከ መንሳፈፍ የሚቀል ድንጋይ ነው። ከሲሚንቶ ጋር ተቦክቶ ብሎኬት ይሆናል፤ ብሎኬት ከተስፋፋ ወዲህም የጥርብ ድንጋይ ግድግዳ እየቀነሰ መጥቷል። ስኮሪያ የተባለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለመንገድና ለወለል ሙሌት ይገባል።

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በአገሪቱ ከተሞች የተስፋፋው የኮብልስቶን ንጣፍ ግን የጠራቢነትን ሙያ አነቃቅቷል፤ በማኅበር ለተደራጁ ወጣቶችም የእንጀራ ምንጭ ሆኗል። ወደ 80 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድን የመሰሉ ሥራዎች በበኩላቸው የሚፈልጉት በማሽን የተፈጨ የክሬሸር ጠጠር ነው፤ በእጅ ጥርብ ሊሟላ አይችልም።

አዳማ በኮረብታዎች የተከበበች፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ የሚፈትናት ከተማ ናት። ካባ፣ ማለትም ድንጋይ የሚቆፈርበት ቦታ፣ ተዳፋቱን ሲገልጠው ውኃ ልቅ አፈርና ኮረት ይዞ ወደ ቦዮች ይወርዳል። ስለዚህ የላይኛው አፈር መጀመሪያ ተገፎ ለብቻ መከመር አለበት፤ ቁፋሮው ሲያበቃ ገደሉ በእርከን ይስተካከላል፣ አፈሩ ይመለሳል፣ ችግኝ ይተከልበታል። የዚህም ወጪ ካባው ሲከፈት ከድንጋዩ ዋጋ ጋር ሊታሰብ ይገባል።