«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»፦ ከጓሮ እስከ አቶም

ይህቺን ተረት ሳይሰማ ያደገ የለም። ፊደል አልያዝልህ ብሎት የሚያለቅስ ልጅ ከአያቱ ይሰማታል። ሱቅ ከፍቶ ገበያ የቀዘቀዘበትም ጎረቤቶቹ ይሏታል። ታገስ፣ ጊዜ ስጠው፣ የማይሆን የመሰለህ ይሆናል ማለት ነው።

ምሳሌው የተወሰደው ከጓሮ ነው። ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋ 21 ቀን ገደማ ትቀመጣለች። በ19ኛው ቀን ብታዩትም ከውጭ ያው እንቁላል ነው። ከዚያ ቅርፊቱ ይሰነጠቅና ጫጩት ወጥቶ ይራመዳል። ልብ በሉ፣ እንቁላሉ እግር አላበቀለም። ሌላ ነገር ሆኖ ነው የሄደው። ተረቱን የሚያስረዱ ሰዎች ትዕግሥቱን ይይዙና ይህቺን ይዘሏታል። እኔ ደግሞ የምወዳት እሷን ነው።

ሌላ ነገር ሆኖ መሄድ በአቶምም ዘንድ አለ። ፖታሲየምን እንውሰድ፤ ሙዝ ውስጥ፣ ድንች ውስጥ፣ ሰውነታችን ውስጥ ያለውን። አቶሙ እምብርቱ ላይ 19 ፕሮቶን አለው። ማንነቱን የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው፤ 18 ቢሆን አርጎን፣ 20 ቢሆን ካልሲየም ይባል ነበር። አብረው የሚቀመጡት ኒውትሮኖች ግን ቁጥራቸው ይለያያል። አብዛኛው ፖታሲየም 20 ኒውትሮን አለው፣ አንዳንዱ 22፣ ከ10,000 አንዱ ገደማ ደግሞ 21። የአንድ ንጥረ ነገር አይሶቶፖች የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

ባለ 21ዱ ፖታሲየም 40 ይባላል። እምብርቱ አልረጋም። ከአስር ዘጠኙ ገደማ አንድ ኒውትሮናቸው ፕሮቶን ይሆንና ኤሌክትሮን ተፈናጥሮ ይወጣል፤ አቶሙም ካልሲየም ሆኖ ያርፋል። የቀሩት አብዛኞቹ የራሳቸውን ኤሌክትሮን ይውጣሉ። አንድ ፕሮቶን ወደ ኒውትሮን ይቀየርና አርጎን የሚባል ጋዝ ይሆናሉ።

ፍጥነቱ ጉድ ነው። ግማሹ እስኪለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል፤ ግማሽ ዕድሜ የሚሉት ይህንን ነው። የተረፈው ግማሽ እንደገና ለመጋመስ ያንኑ ያህል ይፈልጋል። አቶሞቹ ግን ብዛታቸው ለጉድ ስለሆነ በአንድ አዋቂ ሰው አካል ውስጥ በየሰከንዱ ከ4,000 በላይ ይለወጣሉ። አትደንግጡ፣ አባቶቻችንም እንዲሁ ኖረዋል።

ተረቱ የሚያነክሰው እዚህ ላይ ነው። ጫጩቷ ቅርፊቱ ውስጥ ዕለት ዕለት ታድጋለች። አቶም ግን አያረጅም፣ አይሰናዳም። ቢሊዮን ዓመት የቆየውም ትናንት የተፈጠረውም ነገ የመለወጥ ዕድላቸው እኩል ነው። የትኛው እንደሚቀድም የሚያውቅ የለም። ቀስታው የሚታየው በብዙዎቹ ላይ ነው፤ ለአንዱ አቶም ነገሩ ድንገት ነው።

ይህ ቀስታ ለድንቅነሽ ባለውለታዋ ነው። ኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ስትገኝ ዕድሜዋን በካርቦን 14 መለካት የማይታሰብ ነበር። የካርቦን 14 ግማሽ ዕድሜ 5,730 ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ 50,000 ዓመት ካለፈ በኋላ የሚለካ ነገር አይተርፈውም ማለት ይቻላል። ነገሩ የተፈታው በአካባቢው በተነባበረው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ ግለቱ ቀድሞ የነበረውን አርጎን ያባርረዋል። ከቀዘቀዘ በኋላ አመዱ ውስጥ ባሉት ክሪስታሎች የሚጠራቀመው አርጎን ከፖታሲየም 40 የተወለደ ነው። ተመራማሪዎች ጥቃቅኖቹን ክሪስታሎች አንድ በአንድ በሌዘር አቅልጠው የወጣውን ጋዝ ለኩ። ድንቅነሽ ከተገኘችበት ደለል ጋር የሚዋሰነው አመድ 3.18 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ሁሉ ዘመን ከ1,000 የፖታሲየም 40 አቶሞች የተለወጡት ሁለት አይሞሉም። ከእነዚህም ወደ አርጎን የሄደው ከአስር አንዱ ገደማ ነው፤ የተለካውም እሱ ነው።