የኩላሊት እጥበት ላይ ባሉ ሕሙማን የደም አሲድ ክትትል

ሰውነት በየቀኑ አሲድ ያመርታል። ትልቁ ምንጭ ፕሮቲን ነው፤ ሥጋውም፣ እንቁላሉም፣ ሽሮውም። አንድ አዋቂ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን 1 ሚሊሞል (የንጥረ ነገር ብዛት መለኪያ) ገደማ አሲድ ያጠራቅማል። ጤናማ ኩላሊት ይህን በሽንት ያስወጣል። አሲዱን ለማርገብ ያለቀውን ባይካርቦኔት የተባለ የደም ንጥረ ነገርም መልሶ ይተካል። የደም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲድ በዝቷል ማለት ነው) ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ክልል የሚቆየው በዚህና በሳንባ ሥራ ነው። ኩላሊት ሲደክም አሲዱ መውጫ ያጣል።

እንጀራ ስለሚኮመጥጥ ደምን አሲድ ያደርጋል ብሎ የሚሰጋ ካለ አይጨነቅ። የእርሾውን አሲድ ሰውነት ያቃጥለዋል፤ ቅሪቱም በትንፋሽ ይወጣል።

እጥበት አሲዱን ከደም ጠርጎ የሚያወጣ ይመስላል። ዋናው ነገር ግን ከማሽኑ ወደ ሕመምተኛው የሚገባው ነው። በማጠቢያው ፈሳሽ ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ከ32 እስከ 40 ሚሊሞል ነው። ሕመምተኛው ደግሞ 20 አካባቢ ይዞ ሊመጣ ይችላል። በ4 ሰዓት ውስጥ ባይካርቦኔቱ ወደ ደሙ ይገባና መጠኑ ከፍ ይላል። ከዚያ እስከ ቀጣዩ እጥበት ቀስ በቀስ ይወርዳል።

ይህ አሠራር ዛሬ ቀላል ይመስላል፤ ድሮ ግን አስቸጋሪ ነበር። ባይካርቦኔት ከካልሲየምና ከማግኒዚየም ጋር አንድ ዕቃ ውስጥ ሲቀመጥ ይዘቅጣል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1964 በምትኩ አሲቴት መጣ። ሰውነት አሲቴትን ወደ ባይካርቦኔት ይለውጠዋል። ብዙ ሕሙማን ግን ግፊታቸው ይወርድባቸው፣ ያቅለሸልሻቸው ነበር። በ1980ዎቹ ሁለቱን ፈሳሾች በመጨረሻው ሰዓት የሚያዋህዱ ማሽኖች ሲስፋፉ ባይካርቦኔት ተመለሰ። ዛሬ ማሽኑ አጠገብ ካልሲየምና ማግኒዚየም ያለበት የአሲዱ ፈሳሽና ባይካርቦኔቱ ለየብቻ የሚቀመጡት ለዚህ ነው።

ክትትሉ በአብዛኛው በወር አንዴ፣ እጥበት ከመጀመሩ በፊት በሚወሰድ ደም ይካሄዳል። በሰፊው የሚሠራበት ዝቅተኛ ግብ በሊትር 22 ሚሊሞል ነው። ቁጥሩን ግን ያለ ቀኑ ማንበብ ያሳስታል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ለሚታጠብ ሰው የሰኞው ውጤት ከረቡዕ ዝቅ ይላል፤ ቅዳሜና እሑድ አሲዱ ተከማችቷልና። በኢትዮጵያ በወጪው ምክንያት በሳምንት 2 ቀን ብቻ የሚታጠቡ ብዙ ሕሙማን አሉ። ለእነሱ ክፍተቱ ይረዝማል፤ አሲዱም በዚያው ልክ ይበዛል።

የደሙ አቀዳድም ወሳኝ ነው። ብልቃጡ ካልሞላ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ከቆየ ወይም ናሙናው ላብራቶሪ ዘግይቶ ከደረሰ ባይካርቦኔቱ የሚሰላበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተናል። ውጤቱም ሐሰተኛ ዝቅተኛ ይሆናል። ሕመምተኛው ደህና ሆኖ ሳለ መድኃኒት ይጨመርበታል። ድንገት የወረደ ቁጥር ሲታይ አስቀድሞ ናሙናው በትክክል መወሰዱን ማጣራት ይሻላል።

ሌላም የሚያሳዝን ወጥመድ አለ። ጥሩ የሚበላ ሰው ፕሮቲን ስለሚያገኝ ባይካርቦኔቱ ዝቅ ሊል ይችላል። ምግብ ያስጠላው፣ እየከሳ ያለ ሰው ደግሞ ያማረ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ወረቀቱ ላይ «ኖርማል» ተብሎ የታለፈ ሕመምተኛ በረሃብ እየተጎዳ ሊሆን ይችላል። ክብደቱና አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲኑ አብረው ካልታዩ ይህ አይያዝም።

ባይካርቦኔት ብቻውን ሁሉን እንደማይናገር ሐኪሞች በከባድ ዋጋ ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1952 በኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ የታማሚዎቹ ደም ውስጥ ብዙ ባይካርቦኔት ሲገኝ ደማቸው አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ሆኗል ተባለ። ብዮርን ኢብሰን የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም ግን ትንፋሽ አጥሯቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተከማችቶባቸው ነው አለ። የላብራቶሪው ኃላፊ ፖል አስትሩፕ ፒኤቹን ሲለካ ደሙ አሲዳማ ሆኖ ተገኘ። ዛሬም የእጥበት ሕመምተኛ የሳንባ ችግር ካለበት ወይም በጠና ከታመመ ፒኤችንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን አብሮ የሚለካው የደም ጋዝ ምርመራ ያስፈልጋል።

አሲድ ለረጅም ጊዜ ሲበዛ አጥንት ካልሲየሙን ይገብራል፣ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ፖታሲየምም ከፍ ሊል ይችላል። ባይካርቦኔት ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ ፖታሲየም ከሚገባው በላይ ይወርዳል፤ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ማስጠንቀቂያ ይህንኑ የሚመለከት ነበር። በአሲዱ ፈሳሽ ውስጥ ያለው አሲቴትም ወደ ባይካርቦኔት ስለሚለወጥ ሐኪሙ ሲያዝ እሱንም መደመር አለበት።

ቁጥሩ በእርግጥ ዝቅ ካለ ሐኪሙ የማሽኑን ባይካርቦኔት ያስተካክላል፣ የእጥበቱን ሰዓት ያረዝማል ወይም የሶዲየም ባይካርቦኔት ክኒን ያዝዛል። ቤት ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ በውኃ በጥብጦ መጠጣት ግን አደገኛ ነው፤ ሶዲየሙ ጥማትና ግፊት ይጨምራል፣ ውኃም ያስቋጥራል። ለውጥ ከተደረገ በኋላ ደሙ በሳምንቱ በዚያው ቀን፣ እጥበት ከመጀመሩ በፊት እንደገና ይለካል።