ሪካርድ ቪትን ያሰጠማት ማን ነው?

ሪካርድ ቪት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሰርጓጅ መርከብ ተመትታ የሰመጠች የኖርዌይ መርከብ ናት። ስለ እሷ ሲወራ ብዙ ነገር ይምታታል።

«የጀርመን ሰርጓጅ ናታ፣ ሌላ ማን ሊሆን?»

አይደለም። ቲግሪስ የተባለች የእንግሊዝ ሰርጓጅ ናት። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 1941 በሰሜን ኖርዌይ ሮልቭሶይ ደሴት አጠገብ በቶርፔዶ መታቻት። 99 ሰዎች ሞቱ። ያኔ ኖርዌይን ጀርመን ስለያዘቻት ንጉሡና መንግሥቱ ለንደን በስደት ላይ ነበሩ። እንግሊዝ አስጠጊያቸው ነበረች ማለት ነው። ነገሩን መራር የሚያደርገውም ይኼው ነው።

ሰው ቢሳሳት ግን አይፈረድበትም። ወደ 1,000 የሚጠጉ የኖርዌይ ንግድ መርከቦች በኖርትራሺፕ ድርጅት ሥር ለእንግሊዝና ለአጋሮቿ ይሠሩ ነበር። እነሱን በየውቅያኖሱ እያሳደደ የሚያሰጥማቸው በአብዛኛው የጀርመን ሰርጓጅ ነው። አገር ቤት የቀሩት መርከቦች ደግሞ በጀርመን እጅ ወደቁ። ሪካርድ ቪት ከነዚህ አንዷ ናት።

«የጦር መርከብ ነበረች»

በ1909 የተሠራች፣ የኖርዌይን ባሕር ዳርቻ ተከትሎ የሚሄደው የሁርቲሩተን መስመር መርከብ ናት። ሥራዋ ሰው፣ ፖስታና ዕቃ ማመላለስ ነበር። ለሰሜኑ ሕዝብ አውቶብሱም የጭነት መኪናውም እሷና መሰሎቿ ነበሩ።

«ታዲያ እንግሊዞች ሆን ብለው ሲቪል ፈጁ»

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ይሻላል። ጀርመን ሶቪየት ኅብረትን ከወረረች ገና ሦስት ወር አልሞላትም። በሰሜን ጫፍ ባለችው የሶቪየት ወደብ ከተማ በሙርማንስክ ግንባር ለሚዋጉ ወታደሮቿ ስንቅና ጥይት የምታደርሰው በዚያው ባሕር ዳርቻ ነበር። ቲግሪስም ከሙርማንስክ ብዙም ከማይርቀው የፖሊያርኒ ወደብ እየተነሳች ያንን መስመር ለመቁረጥ ነበር የምትወጣው። እኔ ይህን እንደ ምክንያት እንጂ እንደ ማስተባበያ አላየውም። ሟቾቹ ያንን ጦርነት አልጀመሩትም።

«አሁንም አለች እኮ፣ ቱሪስት ትጭናለች»

ያቺ በ1993 የተሠራች ሞክሼዋ ናት።

«አንድ ጊዜ የደረሰ አደጋ ነው»

በዚያው ቀን ባሮይ የተባለች ሌላ የኖርዌይ መርከብ በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ተመትታ ሰመጠች። ከወር በኋላ ደግሞ ቬስተሮለን የተባለችውን የሁርቲሩተን መርከብ የሶቪየት ሰርጓጅ መታቻት። ከዚያ ወዲያ ትልልቆቹ የሁርቲሩተን መርከቦች ከትሮምሶ ከተማ ወደ ሰሜን ማለፍ አቆሙ። ፖስታውንና ተሳፋሪውን ትንንሽ ጀልባዎች ተረከቡት፤ ብዙዎቹ ዓሣ ማጥመጃ የነበሩ ናቸው።