«ፍሪዝ ማድረግ» ምንድን ነው?

«ፍሪዘር የገባ ነገር ምን ይሆናል? ጀርሙን እኮ ይገድለዋል!»

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጅማ አንድ የልጅ ልደት ላይ ይህንን ከአንድ ሰውዬ ሰማሁ። ስሰማው የመጀመሪያዬ አይደለም። የተባለው ስለ ቤት ኬክ ነው። ክሬም ተቀብቶ ጠረጴዛ ላይ አድሯል፤ ጠዋት ፍሪዘር ገብቷል፤ ከሰዓት ለልጆች ቀረበ። ሥራዬ የምግብ ደህንነት ነውና ዝም ማለት አልቻልኩም። ኬኩ እንዲነሳ ለመንኩ።

ፍሪዝ ማድረግ ምግብ ውስጥ ያለውን ውሃ በረዶ ማድረግ ነው። የቤት ፍሪዘር ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ሲሆን ባክቴሪያ የሚጠቀምበት ውሃ ይታሰራል። መራባቱን ያቆማል። ያቆማል እንጂ አብዛኛው አይሞትም።

የጅማን ዝናብ አስቡት። ድንገት ሲወርድ ገበያተኛው ሁሉ በረንዳ ስር ይገባል። መንገዱ ጭር ይላል። ግን ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ሲያባራ ባጃጁም ሰውም ወደ ጉዳዩ ይመለሳል። ባክቴሪያም እንዲሁ ነው። ጥቂቱ ይሞታል፤ ብዙው ተጠልሎ ይጠብቃል። ኬኩ ቀለጠ ማለት ዝናቡ አባራ ማለት ነው። አስር የተጠለለበት በረንዳ አስር ያስወጣል፤ ሺህ የተጠለለበት ሺህ።

ስለዚህ ወሳኙ ፍሪዘር ከመግባቱ በፊት ያለው ሰዓት ነው። ሙቀቱ ሲመቸው አንዳንዱ ባክቴሪያ በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል። የወተት ክሬም ያለው ኬክ ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም የምንለው ለዚህ ነው። ደግሞ ከእጅና ከአፍንጫ የሚመጣው ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ምግቡ ላይ መርዝ ይተዋል። ያንን መርዝ ፍሪዘር አያጠፋውም። መልሶ ማሞቅም አያጠፋውም።

ሰውየው ግን አልለቀቀኝም። «ሥጋ ፍሪዝ ሲደረግ የኮሶ ትል ይሞት የለ?» አለኝ። ልክ ነው፤ በደንብ ጠጥሮ ለቀናት ከቆየ የትሉ እጭ ይሞታል። የኮሶ እጭ ግን ባክቴሪያ አይደለም። እግረ መንገዴን ልናገር፦ ያ ሥጋ ከኮሶ ዳነ ማለት ሳልሞኔላ ከሚባለው ባክቴሪያ ዳነ ማለት አይደለም።

ወደ ኬካችን እንመለስ። ለልደት ቀደም ብላችሁ የምትጋግሩ ከሆነ ክሬም ሳትቀቡት ፍሪዝ አድርጉት። መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ይብረድ፤ ትኩሱ ከታሸገ እንፋሎቱ በረዶ ሆኖ ኬኩን ያረጥበዋል። ከዚያ አየር እንዳይገባው በፕላስቲክ፣ ከላዩ በፎይል ጠቅልሉት። ከ2 እስከ 3 ወር ጣዕሙ ብዙም አይለወጥም። ክሬም የሌለው ኬክ ፍሪጅ ውስጥ ባይገባ ይሻላል፤ ፍሪጅ ቶሎ ያደርቀዋል። ስታቀልጡት መጠቅለያውን አትፍቱ። የጅማ አየር እርጥብ ነው፤ ቀዝቃዛ ነገር ሲያገኝ እርጥበቱ ውሃ ይሆናል። ውሃው ኬኩ ላይ ሳይሆን ፕላስቲኩ ላይ ይረፍ። ክሬም ያለውን ግን ፍሪጅ ውስጥ አሳድራችሁ አቅልጡት።

የሚያስፈራኝ መብራት ሲጠፋ ነው። ሙሉ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ 48 ሰዓት ያህል፣ ግማሽ የሆነው 24 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ቤት ካልነበራችሁ ግን ስንት ሰዓት እንደጠፋ በምን ታውቃላችሁ? ኬኩ ተመልሶ መጠጠሩ ምንም አይነግራችሁም። አንድ ስኒ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ አጠጥሩና የአንድ ብር ሳንቲም በላዩ አስቀምጡ። ስትመለሱ ሳንቲሙ ከላይ ካለ ጥሩ። ወደ ታች ሰምጦ ካገኛችሁት እናንተ በሌላችሁበት ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ የክሬሙን ኬክ ለልጆች አትስጡ።