እባብን ለማራባት መዋዋስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በአሜሪካና በአውሮፓ እባብ በቤታቸው በሚያሳድጉ ሰዎች ዘንድ አንዱ የሌላውን እባብ ለአንድ የመራቢያ ወቅት መዋሱ የተለመደ ነገር ነው። አንዷ ለእርባታ የደረሰች ሴት እባብ አላት፤ ሌላው ብርቅ ቀለም ያለው ወንድ አለው፤ ሁለቱም አዲስ እባብ ከመግዛት ይልቅ ያላቸውን አጣምረው ከሚፈለፈሉት ግልገሎች ለመካፈል ይስማማሉ። በዚህ መንገድ በብዛት ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወረው ቦል ፓይተን ነው። ይህ መርዝ የሌለውና ሲፈራ ራሱን እንደ ኳስ የሚጠቀልል አነስተኛ ዘንዶ የትውልድ ቦታው ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ሲሆን፣ ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን በብዛት ወደ ውጭ ሲላክ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1992 የመጀመሪያዎቹ አልቢኖ (ጥቁር ቀለም የማያወጡ) ግልገሎች በሰው እጅ ከተፈለፈሉ ወዲህ አርቢዎች እጅግ ብዙ የቀለም ዓይነቶችን አውጥተዋል፤ የአንዳንዱ ወንድ ዋጋ ከፍ ማለቱም ውሰትን ይበልጥ ተፈላጊ አድርጎታል።

ስለዚህ ልማድ የሚነገሩት የተሳሳቱ አመለካከቶች ብዙዎቹ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ይመስለኛል። ሰዎች የሚያውሱት እባቡን ብቻ ይመስላቸዋል። እባቡ በርግጥ ይመለሳል፤ አብሮት የተሻገረው በሽታ፣ በሴቷ ሰውነት ውስጥ የቀረው የወንድ ዘርና ወደ ግልገሎቹ ያለፈው ዘረ-መል ግን አይመለሱም።

«እባቡ ጤነኛ ይመስላል፤ ለይቶ ማቆየት አያስፈልገውም።»

ከሁሉም የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው አመለካከት ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። እባብ ሕመሙን የሚደብቅ እንስሳ ነው፤ በደንብ የሚበላና ቆዳውን ሳይቆራርጥ የሚገፍ እባብም ቢሆን ገዳይ ቫይረስ ተሸክሞ ሊሆን ይችላል። ቦአና ፓይተን የተባሉት የዘንዶ ዓይነቶች አርቢዎች አጥብቀው የሚፈሩት በሴሎች ውስጥ ባዕድ ክምችት የሚፈጥረውን በሽታ ነው። የበሽታው መንስኤ ለብዙ ዓመታት ሳይታወቅ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ ተመራማሪዎች ከአሬናቫይረስ ወገን የሆኑ ቫይረሶችን ከታመሙ እባቦች ለይተው አሳወቁ። አስቸጋሪው ነገር ቦአዎች ይህን ቫይረስ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ያለ አንዳች ምልክት ሊሸከሙት መቻላቸው ነው፤ በፓይተኖች ላይ ግን በሽታው ፈጠን ብሎ የነርቭ ሥርዓትን ያጠቃል፣ እባቡም ጭንቅላቱን ማቅናት ያቅተዋል። ስለዚህ ቦአና ፓይተን አብረው በሚኖሩበት ቤት ያደረ ወንድ፣ እሱ ምንም ሳይሆን ለሌላ ሰው ስብስብ አደጋ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ስጋት እ.ኤ.አ. በ2014 በፓይተኖች ላይ የተገለጸው ኒዶቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ የመተንፈሻ አካላትን ያጠቃል፤ አፍ ውስጥ ንፍጥ መሰብሰብ፣ አፍን ከፍቶ መተንፈስና የሳንባ ምች ያስከትላል። ምልክት ሳያሳዩ ለረጅም ጊዜ ቫይረሱን የሚያሰራጩ እባቦችም አሉ። ከአፍና ከጉሮሮ በሚወሰድ ናሙና በላቦራቶሪ ሊመረመር ይችላል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ነጻ ነው የተባለ ውጤት ብቻውን በቂ ማረጋገጫ ስላልሆነ ምርመራውን በሳምንታት ልዩነት መድገም ይገባል። በእባቦች ላይ የሚገኘው ክሪፕቶስፖሪዲየም ደግሞ የዋጡትን የሚያስመልስና ሆድን የሚያሳብጥ ጥገኛ ተሕዋስ ሲሆን፣ አስተማማኝ መድኃኒት የለውም፤ በበረኪና መታጠብም አይገድለውም። ደም የሚመጥጡት ጥቃቅን ቅንቅኖችም በቀላሉ የሚታለፉ አይደሉም። እንቁላላቸውን የሚጥሉት በእባቡ ገላ ላይ ሳይሆን በመኖሪያው ስንጥቅ ውስጥ ስለሆነ፣ እባቡን ብቻ አጥቦ መመለስ ቅንቅኑን አያጠፋውም።

ከእነዚህ ሁሉ የተነሳ ቢያንስ 90 ቀን በሌላ ክፍል፣ በተለየ መቆንጠጫና በተለየ የውሃ ዕቃ ማቆየት በስፋት የሚመከር መነሻ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር ለይቶ ማቆየት በሁለት አቅጣጫ የሚሠራ መሆኑን ነው። ወንዱ ወደ ባለቤቱ ሲመለስም እንደ አዲስ መጤ ሊቆጠር ይገባል። ይህ ማለት አንድ ውሰት በትክክል ከተፈጸመ ወንዱን ለአንድ ዓመት ገደማ ከባለቤቱ ስብስብ ያርቀዋል። ይህን ያህል መታገሥ የማይችል ሰው ባያውስ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ፤ ለአንድ ዙር እንቁላል ሲባል በዓመታት የተገነባ ስብስብን ለአደጋ ማጋለጥ አይገባምና።

«ወንዱ ከተመለሰ በኋላ የሚመጣው እንቁላል ውሰቱን አይመለከተውም።»

ሴት እባብ የወንድ ዘር በሰውነቷ ውስጥ ማቆየት ትችላለች። ቦል ፓይተኖች በእርባታ ቤት ብዙውን ጊዜ የሚጣመሩት ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ሲሆን፣ ሴቷ እንቁላል የምትጥለው ከዚያ ብዙ ሳምንታት ወይም ወራት ቆይታ ነው። በዚያ ወቅት ከሌላ ወንድ ጋር ከተጣመረች የአንድ ዙር እንቁላል ከሁለት አባቶች ሊገኝ ይችላል። የተቆየው ዘር ለሚቀጥለው ወቅት ተርፎ ባለቤቱ ያልጠበቀው እንቁላል ሊያስገኝም ይችላል። ስለዚህ የውሉ ዘመን መቆጠር ያለበት ወንዱ በተመለሰበት ቀን ሳይሆን በሚጣለው እንቁላል ነው፤ ያውም የሁለተኛውን ዓመት እንቁላል ጭምር በግልጽ በማንሳት።

በሌላ በኩል፣ እንቁላል መገኘቱ ብቻ ወንዱ አባት ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ሉዊቪል የእንስሳት ማቆያ የነበረች፣ ከወንድ ጋር ፈጽሞ ተገናኝታ የማታውቅ ረቲኩሌትድ ፓይተን 61 እንቁላል ጥላ ስድስት ሴት ግልገሎች ተፈለፈሉ፤ የዘረ-መል ምርመራም ግልገሎቹ አባት እንደሌላቸው አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ2020 በሴንት ሉዊስ የእንስሳት ማቆያ ዕድሜዋ ከ60 ዓመት በላይ የተገመተ ቦል ፓይተን፣ ቢያንስ ለ15 ዓመት ወንድ ሳይቀርባት ሰባት እንቁላል ጣለች። እንዲህ ያለው ነገር ዘወትር የሚያጋጥም አይደለም፤ ነገር ግን የግልገሎቹ ቀለም ከተጠበቀው ጋር ፈጽሞ ሳይገጥም ሲቀር ተዋሽና አዋሽ እርስ በርስ ከመወነጃጀላቸው በፊት ይህን ማወቃቸው ይበጃል።

«ደንቡ ግማሽ በግማሽ ነው።»

በአገራችን ገጠር ላምን ለርቢ ሰጥቶ ጥጃውን መካፈል ለሚያውቅ ሰው ይህ አባባል የታወቀና ትክክለኛ ይመስላል። ሆኖም በእባብ ውሰት ግማሽ በግማሽ የሚለው ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። እንዲያውም በአሜሪካ የፍርድ ቤቶች አካሄድ የተለየ ስምምነት በሌለበት የእንስሳ ልጅ የእናቲቱ ባለቤት ነው፤ ወንዱን ያዋሰ ሰው ያለ ውል ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል ማለት ነው። ስምምነት ካለ ግን የትኛውም ዓይነት አከፋፈል ይቻላል፤ ቻይና ለሌሎች አገሮች በምታውሰው ፓንዳ ላይ ግልገሎቹ ሁሉ የቻይና እንዲሆኑ እንደምትዋዋለው።

ችግሩ ግማሽ ሲባል የምን ግማሽ እንደሆነ አለመታወቁ ነው። ሴት ቦል ፓይተን በአብዛኛው ከ3 እስከ 11 እንቁላል ትጥላለች፤ አምስት ቢፈለፈሉ አምስተኛው የማን ነው? ያልዳበረው እንቁላልስ ይቆጠራል? ከሁሉም በላይ ግልገሎቹ ዋጋቸው እኩል አይደለም። አልቢኖነት የሚገለጠው ግልገሉ ዘረ-መሉን ከአባትም ከእናትም ሲወርስ ብቻ ነው። አልቢኖ ወንድ ከተራ ሴት ጋር ቢጣመር ግልገሎቹ በሙሉ መልካቸው ተራ ሆኖ ዘረ-መሉን በድብቅ ይሸከማሉ፤ ባለቤቱ የወንዱን ቀለም መልሶ ለማየት ደግሞ ሴቶቹን ለዓመታት ማሳደግ ይኖርበታል። ሁለት ተሸካሚዎች ሲጣመሩ እያንዳንዱ እንቁላል አልቢኖ የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ይህ ግን ዕድል እንጂ ዋስትና ስላልሆነ ከስድስት እንቁላል አንድም አልቢኖ ላይወጣ ይችላል። ከእነዚሁ ወላጆች የተፈለፈለ ተራ መልክ ያለው ግልገል ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ 66 በመቶ ነው ተብሎ የሚሸጠውም በዚሁ ስሌት ነው። በመሆኑም ከቁጥሩ ይልቅ መጀመሪያ የሚመርጠው ማን እንደሆነ መስማማት ይበልጣል፤ አንዱ አንደኛውን ቢመርጥ ሌላው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እንዲመርጥ ማድረግ በእኔ ግምት ከሌሎቹ ይልቅ ሚዛናዊ ነው።

ከቀለም ጋር አብሮ የሚወረስ ጉዳትም አለ። ስፓይደር የተባለው የቦል ፓይተን ዓይነት ጭንቅላትን የሚያንቀጠቅጥና ሚዛንን የሚያሳጣ የነርቭ ችግር አብሮት ይወረሳል፤ ጉዳቱ በአንዱ ቀላል፣ በሌላው ከባድ ቢሆንም ከዘረ-መሉ የሚለይ አይደለም። ይህን ደብቆ ማዋስ ማታለል ነው።

«ወንዱ የሚያጣው ነገር የለም።»

ያጣል። ብዙ ወንዶች በመራቢያው ወቅት ለወራት መብላት ያቆማሉ፤ ከአንዷ ሴት ወደ ሌላዋ ያለ ዕረፍት የሚዘዋወር ወንድ ይከሳል። በየሳምንቱ መዘኑት፤ ከተስማማችሁበት ክብደት በታች ከወረደ ጥምረቱ ይቁም። የሴቷ ሸክም ደግሞ ከዚህ ይከብዳል፤ ሁለትና ሦስት ዓመት ያልሞላትን ወይም ወደ 1,500 ግራም ያልደረሰችን ሴት ለእርባታ ማዋስ በሕይወቷ መቀለድ ነው፤ እንቁላል ሆዷ ውስጥ ተቀርቅሮ ሊገድላት ይችላል።

«ሽያጭ ስላልሆነ ሕግ አይመለከተውም።»

የአሜሪካው የሌሲ ሕግ የሚናገረው ስለ መግዛትና መሸጥ ብቻ አይደለም፤ የክፍለ ግዛትን ሕግ ተላልፎ የዱር እንስሳን ከግዛት ወደ ግዛት ማጓጓዝና መቀበልም ያስጠይቃል። ስለዚህ እባቡ የሚሄድበትን ግዛት፣ አልፎም የከተማውን ደንብ ማጣራት ግዴታ ነው። በሃዋይ እባብ በቤት መያዝ ጨርሶ የተከለከለ ሲሆን ቅጣቱ እስከ 200,000 ዶላርና እስከ ሦስት ዓመት እስራት ይደርሳል። የአሜሪካ መንግሥት ፖስታ እባብን ፈጽሞ አይቀበልም፤ በግል አጓጓዦች በኩል በየድርጅቱ ደንብ መሠረት ይላካል። በአውሮፓ በኩል ደግሞ ቦል ፓይተን የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይተስ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ውስጥ ያለ በመሆኑ፣ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ገበያ ከወጣችበት ከጥር 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከለንደን ወደ አምስተርዳም ለውሰት የሚሄድ እባብም ፈቃድ ያስፈልገዋል።

«ጓደኛሞች ነን፤ ውል መጻፍ መጠራጠር ነው።»

ውል የሚጻፈው ጓደኝነቱ እንዲቆይ ነው። አንድ ገጽ ይበቃል፦ የእባቡ ፎቶና ክብደት፣ የምርመራው ውጤት፣ የመላኪያውን ወጪ የሚከፍለው ሰው፣ የግልገሎቹ አከፋፈል፣ የሐኪም ወጪ። ከሁሉም የሚያጣላው የሞት ጉዳይ ነው። «እጄ ላይ ከሞተ እከፍላለሁ» የሚል ልማዳዊ እምነት ቢኖርም፣ በአሜሪካ የጋራ ጥቅም ባለበት ውሰት ተዋሹ የሚጠበቅበት ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረግ ነው፤ ያለ ጥፋቱ ለሞተው በአብዛኛው አይጠየቅም፤ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር። ስለዚህ ውሉ የእባቡን ዋጋ በቁጥር ይግለጽ፤ የሞቱም ምክንያት በእንስሳት ሐኪም እንዲመረመር ያስገድድ። ለዚህም የሞተው እባብ በፍጥነት በማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ እንጂ በረዶ እንዲሆን አይደረግ፤ በረዶ ሕዋሳቱን ስለሚያበላሽ የሞቱን ምክንያት መለየት አዳጋች ያደርገዋል።