ስትሮክ ያደከመውን ክንድ የሚያግዙ ተለባሽ መሣሪያዎች

ስትሮክ የመታው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ክንዱ ይደክማል። ለዚህ ክንድ ተብለው ከተሠሩት ተለባሽ መሣሪያዎች ቀላሉ የእጅ ሰዓት ይመስላል። ውስጡ አክስለሮሜትር የሚባል እንቅስቃሴ የሚለካ ሴንሰር አለ። በሁለቱም እጅ አንጓ ላይ ታስሮ፣ የትኛው ክንድ በቀን ስንት ሰዓት እንደተንቀሳቀሰ ይመዘግባል። ጤነኛ ሰው፣ ቀኝ እጀኛም ቢሆን፣ በቀን ውስጥ ሁለቱን ክንዶቹን እኩል ሊባል በሚችል መጠን ያንቀሳቅሳል። ከስትሮክ በኋላ ግን የደከመው ክንድ ወደ ኋላ ይቀራል።

ወደ ኋላ የሚቀረው ጉልበት ስላጣ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አላባማ ተመራማሪው ኤድዋርድ ታውብ እንዳስረዳው፣ እጁ ደጋግሞ ሲያቅተው ሰውየው ሁሉን ነገር በደህናው እጅ መሥራት ይለምዳል። ጉልበቱ በከፊል ሲመለስ እንኳ ልማዱ አይለቅም። መፍትሔውም ደህናውን እጅ ጓንት አልብሶ ከሥራ ማገድና የደከመውን አጥብቆ ማሠራት ነበር። በ2006 ውጤቱ የታተመ ጥናት 222 ሰዎችን አሳትፎ፣ ሁለት ሳምንት እንዲህ የሠሩት ከሌሎቹ በተሻለ እንደተሻሻሉ አሳይቷል። ለውጡ ከዓመት በኋላም አልጠፋም።

ሰዓቱ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በ2009 የታተመ ሌላ ጥናት በአንድ የፊዚዮቴራፒ ክፍለ ጊዜ የደከመው እጅ የሚሠራውን ሥራ ቢቆጥር፣ በአማካይ 32 ጊዜ ብቻ ሆኖ አገኘው። በጣም ትንሽ ነው! በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ድግግሞሹ በመቶዎች ይቆጠራል። ስለዚህ ዋናው ልምምድ ቤት ውስጥ ነው፤ ብርጭቆ ሲነሳ፣ ቁልፍ ሲቆለፍ፣ በር ሲከፈት። ቤት ውስጥ ክንዱ መንቀሳቀሱን የሚመዘግበው ሰዓቱ ነው፤ ክንዱ ዝም ሲል እየነዘሩ የሚያስታውሱ ሰዓቶችም አሉ።

ከዚህ የረቀቁም አሉ። ማዮፕሮ የተባለው ክንድ ላይ የሚለበስ ድጋፍ፣ ከጡንቻ የሚወጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት በቆዳ በኩል አንብቦ ክርኑን በሞተር ያግዛል። ሰውየው ራሱ ካልሞከረ ሞተሩ አይነሳም፤ እኔ የምወደውም ይህን ነው። በ2021 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው ኢፕሲሃንድ ደግሞ ራስ ላይ በሚደረግ መሣሪያ፣ ስትሮክ ካልነካው የአንጎል ክፍል ምልክት እየተቀበለ ጣቶቹን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

ሰዓቱ የማይለየው ነገር አለ። ሲራመዱ ክንድ ቢወዛወዝ እንደ ሥራ ይቆጥረዋል። ብርጭቆው ይነሳ ወይም ይውደቅ አያውቅም። አስተሳሰሩም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። በደህናው አንጓ ላይ የሚታሰረውን ማሰሪያ መሳብ ያለበት ያው የደከመው እጅ ነው።